ሜርኩሪው የቢልጫ፣ ፎቶው የቆሮሶ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ያቀረቡበትን ስብሰባ ዘግባችሁ "የሐዋሳ ሐይቅ ዓሳ ሜርኩሪ እንዳለበት በጥናት ተረጋገጠ" ብላችሁ ያወጣችሁትን ዜና ያላየ ሰው እዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ያየሁት በሰው ስልክ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ቁጭ ብዬ ቢላዬን እየሳልኩ አንዱ ደንበኛዬ መጣና ስልኩን ዘርግቶ "እትዬ ይሄ እጅ ያንቺ አይደለም?" አለኝ። አየሁት፣ የኔ ነው። አውራ ጣቴ ስር ያለው የዘይት ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። በእጄ የያዝኩት ደግሞ ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ ነው፣ ከላዩ በትልቁ ሜርኩሪ ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው የሁልጊዜውን ሁለት ኪሎ ሳይገዛ ሄደ።

ፎቶውን ማን እንዳነሳው አላውቅም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ በቀን ስንት እንግዳ ፎቶ ሲያነሳ ይውላል። ይሄን ልተወው። ልተወው የማልችለው ግን ቃሉን ነው። ልጄ ቁጭ ብላ ቆጠረችው፣ ጽሑፋችሁ ውስጥ "ዓሳ" የሚለው ቃል አስራ አራት ቦታ አለ፣ የትኛው ዓሳ እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አይልም። አንድ በሬ ታመመ ተብሎ "የሲዳማ ሥጋ ተመርዟል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ? በግም በሬም ዶሮም አንድ ላይ ሥጋ ነው ብላችሁ? ታዲያ ሐይቃችን ላይ ሲሆን ለምንድነው ሁሉም ዓሳ አንድ የሚሆነው?

እኛ የምንሸጠው ሦስት ዓይነት ነው፣ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቢልጫ አለ፣ ተመራማሪዎቹ ባርበስ የሚሉት ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ ገበያውን የያዘው ቆሮሶ ነው፣ ሰው ጥብስ ሲል፣ ለብለብ ሲል፣ ጎኑ ተበጥቶ በዳጣ ሲበላ የምታዩት እሱ ነው። ቆሮሶ የሚበላው አልጌ ነው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን በዓይን የማይታይ ነገር። ቢልጫ ግን እንደዛ አይደለም፣ ትንሽ ሆኖ ቀንድ አውጣና ነፍሳት ምናምን ሲለቃቅም ይቆይና ሲያድግ ትንንሽ ዓሳ መዋጥ ይጀምራል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጄ ባዮሎጂ የተመረቀች ናት፣ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ አሁን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እሷ እንዳስረዳችኝ ሜርኩሪ ውሃው ስር ያለው ጭቃ ውስጥ ሲደርስ ባክቴሪያ ወደ ሌላ ዓይነት ይቀይረዋል፣ ያ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቶሎ የማይወጣው ዓይነት ነው፣ ትንሹን ነፍሳት ትንሹ ዓሳ ይበላዋል፣ ትንሹን ዓሳ ትልቁ ይበላዋል፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚ ከታች ያለው አልጌ በሊታ ትንሽ ነው የሚደርሰው፣ ከላይ ያለው ዓሳ በሊታ ብዙ።

እናም ይሄ እኮ አዲስ ግኝት አይደለም። በእኛው ሐይቅ ላይ በፈረንጆቹ 2006 የታተመ ጥናት አለ፣ ልጄ ፈልጋ አግኝታ አንብባልኛለች፣ እዚያ ላይ ዓሳ መብላት የጀመረው ትልቁ ቢልጫና ያልጀመረው ቢልጫ ያላቸው ሜርኩሪ በጣም እንደሚለያይ በግልጽ ተጽፏል፣ አንድ ሐይቅ፣ አንድ ዓይነት ዓሳ፣ ግን በምግቡ ምክንያት ተለያየ። በዓመቱ 2007 ላይ ደግሞ አምባዛ ዓሳ በሊታ ሆኖ ሳለ ከተጠበቀው ያነሰ ሜርኩሪ እንደተገኘበት የሚናገር ሌላ ጥናት ወጣ። አያችሁ፣ ተመራማሪው ይሄን ያህል ተጠንቅቆ ለይቶ ሲያስቀምጥ እናንተ ግን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ አወጣችሁት። የተመራማሪውንም ልፋት ነው ያበላሻችሁት፣ የኔን ብቻ አይደለም።

ደግሞ ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች መጥተው ከኔ ዓሳ ገዝተዋል፣ እዚያው አጠገቤ አጋድመው ከአፉ እስከ ጭራው በሜትር ይለካሉ፣ ይመዝናሉ፣ ከጀርባው ትንሽ ሥጋ ቆርጠው በፎይል ጠቅልለው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። አንዷን ለምን ርዝመቱን እያንዳንዱን ትጽፊያለሽ ብያት "እትዬ ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው፣ ርዝመቱን ካልያዝኩ የሜርኩሪው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም" አለችኝ። እንግዲህ ተማሪዋ ለኔ ለዓሳ ሻጯ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳችኝን ነገር ጋዜጠኛችሁ ሙሉ ቀን አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ አልሰማም ማለት ነው? ወይስ ሰምቶ ርዕሱ አይስብም ብሎ ተወው? ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ዓሳ ሻጭ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሁዳዴን ነው፣ የቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ የልጅ ዩኒፎርም የሚገዛው፣ ዕዳ የሚዘጋው በሁዳዴ ነው። በደህናው ቀን ስልሳ ሰባ ዓሳ እፍቅ ነበር፣ ዜናው በወጣ በሁለተኛው ቀን አስራ አንድ ፋቅኩ። የማቀርብላቸው ሁለት ምግብ ቤቶች "እስኪጣራ" ብለው አቆሙ። ማነው የሚያጣራላቸው? እኔ ፍሪጅ የለኝም፣ ያልተሸጠውን ማታ ለጎረቤት በግማሽ ዋጋ ሰጥቼ ነው የምገባው፣ ጎረቤትም ሲፈራ ለአባ ኮዳ፣ ለዚያ ለትልቁ ወፍ ነው የምወረውረው። አብራኝ የምትሠራ አራት ልጆች ያሏት ሴት አለች፣ እሷ ገበያ ትታ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀምራለች። ባሏ አሁንም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ መረቡን ሊያወጣ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ታንኳውን የገዛበትን ብድር ዜናው አይከፍልለትም።

አሁን አንዱ ተነስቶ "ጥቅሟ ስለተነካ ጥናቱን ልትደብቅ ነው" እንዳይለኝ። አይደለም። የበኩር ልጄ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ይሄ የሜርኩሪ ነገር ከማንም በላይ የሚጎዳው ማህፀን ውስጥ ያለውን ልጅ አንጎል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጃፓን ሚናማታ በሚባል ቦታ በፈረንጆቹ 1956 በሽታው ሲታወቅ እናቶቹ ምንም ሳይመስላቸው ልጆቻቸው ተጎድተው እንደተወለዱም ባዮሎጂ የተማረችው ልጄ አንብባልኛለች፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚ ለነፍሰ ጡሯ ልጄ ያልኳት ይሄን ነው፣ ትልቅ ቢልጫ እስክትወልጂ አትንኪ፣ ቆሮሶ ግን ብይ፣ ለልጁም ላንቺም ያስፈልጋል። ይሄን ያህል ነገር ለአንባቢ መንገር አይቻልም ነበር? በብዙ አገር እንደ ወሰን የሚያዘው በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው፣ እሱን ጽፋችሁ የትኛው ዓሳ ከወሰኑ በላይ እንደሆነ፣ የትኛው በጣም በታች እንደሆነ ብታስቀምጡ እኔ ራሴ ገበያው ላይ ለጥፌ ለደንበኛ አነብለት ነበር። የእናንተ ዜና ግን ነፍሰ ጡሯን ቆሮሶ አስተዋት፣ ትልቅ ቢልጫ የሚወደው ሰውዬ ደግሞ "ሁሉም ያው ነው ካሉማ" ብሎ እንደልማዱ እየበላ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማንን ጠበቃችሁ ታዲያ?

ሌላው ያናደደኝ ከታች ያለው ነው። ስብሰባው ስለ ሜርኩሪ ብቻ አልነበረም፣ የቢዝነስም ጥናት ቀርቧል ብላችኋል፣ የዓሳ ገበያ ሰንሰለት ምናምን፣ በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት "አስጋሪ፣ ነጋዴ፣ ሆቴልና ተጠቃሚ" ናቸው ብላችሁ ዘረዘራችሁ። ቅርፊት የሚፍቀው፣ ሆድ ዕቃ የሚያወጣው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ፊሌቶ የሚያደርገው ማነው? ዓሳው ከታንኳ ወጥቶ በራሱ ሳህን ላይ ይወጣል? እኔ ይሄን ሥራ ስሠራ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔጋም መጠይቅ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር፣ ወረቀቱ ሰባት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ እሱ እያነበበ በአማርኛ እየገለበጠ ይጠይቀኛል፣ የወር ገቢሽ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ታስተዳድሪያለሽ፣ እኔም በሥራ ሰዓቴ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብዬ መለስኩለት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልቀየምኩትም። ግን ውጤቱን ተመልሶ የነገረኝ የለም፣ አሁን በጋዜጣችሁ ሳየው ደግሞ እኔ የለሁበትም። ጥናቱ ላይ ኖሬ ከሆነ ያወጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ጥናቱ ላይም ከሌለሁ ደግሞ ጋዜጠኛ መጠየቅ የነበረበት እሱን ነው።

ስለ ተረፈ ምርቱ የጻፋችሁትም እንደዛው ነው። "እስካሁን ያለ ጥቅም ይጣል የነበረውን የዓሳ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ በባዮቴክኖሎጂ ወደ መኖ መቀየር ተቻለ" አላችሁ። ማነው ያለ ጥቅም የጣለው? ጭንቅላቱ ሾርባ ይሆናል፣ አጥንቱንና የተረፈውን አድርቀው ፈጭተው ለዶሮ የሚያበሉ ሰዎች ከኔ ሲወስዱ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ከዛ የቀረውን አባ ኮዳ ይወስደዋል። እኔ ቴክኖሎጂውን አልጠላም፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ልጄ ስትነግረኝ ሆድ ዕቃውን ከሞላሰስ፣ ከስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ ጋር ደባልቆ አየር እንዳይገባው አርጎ መክደን ነው፣ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አሲድ ይሠራል፣ አሲዱ የሚያበሰብሰውን ይገድለዋል፣ ሳይበላሽ ይቆያል። እንዴ፣ ይሄማ ቆጮ ነው አልኳት! እናቴ እንሰቱን ፍቃ በኮባ ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ስትቀብረው፣ አየር እንዳያገኘው ድንጋይ ስትጭንበት፣ በጊዜው እየከፈተች ስታገላብጠው ያደግኩ ሰው ነኝ። ልጄ ሳቀችና "አዎ እማዬ፣ ባክቴሪያውም ዘመዱ ነው" አለችኝ። የሲዳማ እናቶች የሚያውቁትን ነገር በዓሳ ላይ ለመሞከር ከኛ የተሻለ ማን አለ? ሆድ ዕቃው ያለው እኛ ጋ፣ እጁ ያለው እኛ ጋ። በዜናችሁ ግን የኛ ድርሻ "የአካባቢ ብክለት ምንጭ" መባል ብቻ ነው።

ብክለት ካላችሁም ወሬውን ከላይ ጀምሩት። ይሄ ሐይቅ የሚታይ መውጫ የለውም፣ ትልቅ የሚባለው ገባሩ ጥቁር ውሃ ነው፣ እሱም የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ የሚመጣ። ስፋቱ ዘጠና ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ቦታ ሃያ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ባለቤቴ ተመራማሪዎችን በጀልባ ያመላልስ ነበር፣ ነጭና ጥቁር የተቀባ ክብ ነገር በገመድ አውርደው ከዓይን የሚጠፋበትን ቦታ ይለካሉ፣ ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ የሚያውቁት በዛ ነው። ጥቁር ውሃ በሚገባበት በኩል ዝናብ በጣለ ማግስት ቶሎ ነበር የሚጠፋው፣ ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ይሄን ሲያወራ ነው የኖረው። የትኛው ወር ላይ፣ በየትኛው ነፋስ፣ የት ጋ ውሃው እንደሚቀየር ያውቅ ነበር። ስሙ የትም ወረቀት ላይ የለም። እሱም እንዲጻፍለት አልጠየቀም፣ እኔም አሁን ለሱ አልጠይቅም፣ ግን ሐይቁን አጥንተናል ሲባል ጀልባውን ማን እንደቀዘፈ አንድ መስመር ብትጽፉ ጋዜጣው አይጠብም ነበር።

ምን ትፈልጊያለሽ ካላችሁኝ ማረሚያ ነው የምፈልገው፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዜናው በወጣበት ቦታ፣ ሁዳዴ ሳያልቅ። የዓሳውን ስም ጻፉ፣ ርዝመቱን ጻፉ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የቱን ይብላ የቱን ይተው የሚለውን ጥናቱን የሠሩትን ሰዎች ጠይቃችሁ በነሱ ቃል ጻፉ። ፎቶውን ግን ዛሬውኑ አንሱልኝ። ሌላ ፎቶ ካስፈለጋችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አሞራ ገደል አለሁ፣ ቆሮሶና ቢልጫ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳያችኋለሁ፣ ጋዜጠኛው ሜትር ይዞ ይምጣ።

ከአሞራ ገደል ዓሳ ሻጭ
ሐዋሳ