የቋራዋ ልጅና ንጉሡ፦ የታሪክና የተውኔት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የታሪክና የተውኔት ክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ የአፄ በካፋንና የእቴጌ ምንትዋብን የትዳር ታሪክ አጥንቶና ጽፎ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ማቅረብ ነበር። የጥያቄና መልስ ውድድሩም የግድግዳ መጽሔቱም እንደ ወትሮው ተካሂደዋል፤ ስለ እነርሱ አዲስ የሚነገር ነገር ስለሌለ ግን ይህ ዘገባ ስለ ተውኔቱ ብቻ ይናገራል።

ርእሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። በዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባ አብዛኞቹ አባላት የጦርነት ታሪክ ሰልችቶናል፣ የፍቅር ታሪክ እንሥራ አሉ። ጎንደር ያደገ ልጅ ደግሞ ለፍቅር ታሪክ ሩቅ አይሄድም። አፄ በካፋ ራሳቸውን ለውጠው እንደ ተራ መንገደኛ አገር ለአገር ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ንዳድ ይዟቸው እንደ ወደቁ፣ አንድ ባላገር ቤቱ አስጠግቷቸው ሴት ልጁ እንዳስታመመቻቸው፣ ከዳኑም በኋላ ማንነታቸውን ሳይገልጡ ወደ ጎንደር ተመልሰው መልእክተኛ በመላክ እንዳስመጧትና እንዳገቧት የማያውቅ አባል አልነበረም። ስለ ቋራ ግን የሚያውቁት የመይሳው ካሳ አገር መሆኗን ብቻ ነበር። ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ወደ ሱዳን የሚያዘቀዝቅ፣ ደጋ ላይ ያደገ ሰው በክረምት መውጫ ወርዶ በቀላሉ ወባ ይዞት የሚመለስበት አገር መሆኑን ሲረዱ የንጉሡ ሕመም የተረት ማጣፈጫ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው።

ወደ ጽሑፉ ከመግባታችን በፊት መጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ለንባብ ሰጠነው፤ እዚህ ላይ ነው ሥራው የከበደው። የባላገሩን ቤት ታሪክ በጽሑፍ ያስፋፋው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በቁስቋም በእቴጌይቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ መጽሐፉን ያሳተመው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ነው። ጋብቻው የተፈጸመው በ1722 ገደማ ስለሆነ፣ ሰውዬው የሰማው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ወሬ ነበር። በግዕዝ የተጻፈው የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱ ዜና መዋዕል ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። በእርሱ ዘንድ ምንትዋብ የተራ ገበሬ ልጅ አይደሉም፤ አባታቸው ደጃዝማች፣ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ሲሆኑ የዘር ሐረጋቸው እስከ አፄ ሚናስ ይቆጠራል።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ተውኔታችን ቀረ» አለች። እኔ በተቃራኒው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው ባይ ነኝ። በሁለቱ ምንጮች መካከል አንዱን እውነት ሌላውን ሐሰት ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ማን ለማን እንደ ጻፈው መጠየቅ ግን የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ የሰባት ዓመት ልጅ ይዛ ዙፋን ላይ ለተቀመጠች እናት የንጉሥ ዘር መቁጠር ነበረበት፤ ያለዚያ የመኳንንቱን አፍ የሚዘጋ ነገር አልነበረውም። ተረት ነጋሪው ደግሞ ልጅቱ ድሃ በሆነች ቁጥር የንጉሡ ፍቅር ይገዝፍለታል። ከዚህ በተረፈ የቋራ መኳንንት ልጅም ብትሆን ለጎንደር ቤተ መንግሥት የባላገር ልጅ መሆኗ አይቀርም። በአጥር ግቢው ውስጥ ለተወለዱት ወይዛዝርት ቋራ ቆላ ነው፣ ዳር አገር ነው።

ውይይቱ ሲበስል መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በመድረኩ ቀኝ ብራና የያዘ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ በግራ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ተቀመጡ፤ አንዱን ታሪክ ሁለቱ በየተራ ይናገሩታል፣ እየተናጠቁም ይነታረኩበታል። ጸሐፌ ትእዛዙ «የደጃዝማች ልጅ» ሲል አዝማሪው «የገበሬ ልጅ» ብሎ ያቋርጠዋል። ከጠቅላላው ተውኔት እኔ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ተመልካቹም በብዛት የሳቀው እዚሁ ላይ ነበር።

በጽሑፉ የመጀመሪያ ረቂቅ የፍቅሩ ማእከል የቡና ሥነ ሥርዓት ነበር። ልጅቱ ረከቦት አቅርባ፣ ዕጣን አጢሳ፣ ለታመመው እንግዳ አቦል ስትቀዳለት ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ትዕይንቱ እንደ ተውኔት ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የክርስቲያን ቤት ቡና አያፈላም። የተዋሕዶ ምእመናን ቡናን በሰፊው መጠጣት የጀመሩት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ልማድ ተደርጎ ይነቀፍ ነበር። ረከቦቱ ሲወጣ ጸሐፊዎቹ አኩርፈው ነበር፤ ኋላ ግን በምትኩ የገባው አጥሚት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሲታመም የሚሠራለት እርሱ ነውና ልጅቱ ዱቄቱን ስታሽ፣ ስታማስል፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ በከንፈሯ ስትቀምስ የሚያልፈው ጊዜ ለንግግር ሰፊ ቦታ ሰጠ። በዚሁ ደንብ ድንቹና ክብሪቱም ከቋራው ቤት ወጡ።

የበካፋን ጠባይ መሥራት ሌላ ራስ ምታት ነበር። የንጉሡን ሚና የፈለጉት ብዙ ነበሩ፤ ንጉሡ ግማሹን ተውኔት መደብ ላይ ተኝቶ የሚያቃስት መሆኑ ሲታወቅ ግን ቁጥራቸው ቀነሰ። ሚናውን የወሰደው ልጅ በሥራው መካከል የጠየቀው ጥያቄ ለእኔም ትምህርት ሆነኝ፦ ንጉሥ ሆኖ ሳለ ለምን እንደ ሌባ ተደብቆ ይዞራል? መልሱ ከሕይወት ታሪካቸው ይገኛል። በካፋ የታላቁ ኢያሱ ልጅ ናቸው፤ እንደ ሌሎቹ የንጉሥ ልጆች ሁሉ በወህኒ አምባ ታስረው ኖረዋል፣ አምልጠውም በኦሮሞዎች ዘንድ ተደብቀው ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1721 ዙፋን ላይ የወጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወንድማቸው አፄ ተክለ ሃይማኖት አባታቸውን ካስገደሉ ወዲህ በተከታተሉት ዓመታት ነገሥታቱ እየተገደሉና እየተሻሩ ሲያልፉ ያዩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የመኳንንቱን ቃል አምኖ ቤተ መንግሥት አይቀመጥም፤ ራሱ ወርዶ ያያል። ተዋናዩ ይህን ካወቀ በኋላ ንጉሡን የፍቅር ጀግና ሳይሆን በሕመሙ መካከል እንኳ በሩን የሚመለከት ተጠራጣሪ አድርጎ ተጫወተው፤ ልጅቱ የምታሸንፈውም ያንን ጥርጣሬ ሆነ።

ለአልባሳቱ ተማሪዎቹ የተመለከቱት በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የሚገኘውን፣ እቴጌይቱ ያሳነጹትን የናርጋ ሥላሴን ሥዕል ፎቶግራፍ ነው፤ በእርሱ ላይ ምንትዋብ ባጌጠ ልብስ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ዘውዱ ከካርቶንና ከወርቃማ ወረቀት ተሠራ። ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የተደረገው ጉብኝት ግን ከአልባሳቱ በላይ ጠቅሞናል። ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፤ ቤተ ክርስቲያኑም እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተጎድቶ በኋላ እንደገና የታነጸ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በመስታወት ሣጥን የሚታይበት ክፍል ሲገቡ የክበቡ ቀልደኞች ሁሉ ዝም ማለታቸውን አስተውያለሁ። ከተራራው ሥር ሆኖ ከተማዪቱን ወደ ታች ሲያዩ፣ አንዲት ሴት ከነገሥታቱ አጥር ግቢ ወጥታ የራሷን ቤተ መንግሥት ለምን እዚያ እንደ ሠራች ያለ መምህር ገለጻ ይገባል።

ይህ ጉብኝት የተውኔቱን መጨረሻ ለወጠው። በመጀመሪያው ሐሳብ ታሪኩ በሠርግ ሊያበቃ ነበር። እውነተኛው የምንትዋብ ታሪክ ግን ከሠርጉ በኋላ ነው የሚሰፋው። አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ እቴጌይቱ ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ነገሡ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውም ቤተ መንግሥቱን ሞሉት። በ1732 ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ ለማንገሥ ቤተ መንግሥቱን ሲከብቡ አጥር ግቢው ውስጥ ሆነው የተከላከሉት እኒያው «የቆላ ሰዎች» ነበሩ።

እኔ በግሌ በጣም የሚመስጠኝ ግን ኋላ የመጣው ነው። ኢያሱ ሲያድጉ ከኦሮሞ ባላባት ቤት የመጡትን ውቢትን አገቡ። ያኔ ምንትዋብ፣ ከዳር አገር መጥተው ዙፋን የወረሱት ሴት፣ ለሌላይቱ ከዳር አገር ለመጣች ሙሽራ አማት ሆነው ተቀመጡ፤ ደስም አላላቸውም። ኢያሱ በ1755 ሞተው የውቢት ልጅ ኢዮአስ ሲነግሡ በእናትና በአያት ወገኖች መካከል የነበረው ፉክክር እየከረረ ሄዶ የትግራዩ ራስ ስሑል ሚካኤል እንዲጠሩ አደረገ፤ ራስ ሚካኤልም በ1769 ኢዮአስን አስገደሉ። እቴጌይቱ በ1773 ሲያርፉ ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረው ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ተውኔት መጨመቅ ስለማይቻል፣ የመጨረሻው ትዕይንት ውቢት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማቷ እልፍኝ ስትገባ እንዲሆን ተስማማን። እቴጌይቱን የተጫወተችው ተማሪ ሙሽራይቱን ከእግር እስከ ራስ ተመልክታ ቁጭ በይ ሳትል ረጅም ጊዜ አቆየቻት፤ አዝማሪው «ይህችኛዋስ የማን ልጅ ናት?» ሲል ጸሐፌ ትእዛዙ ብራናውን ይዘረጋል።

ተውኔቱ በወላጆች ቀን ቀርቦ አዳራሹ ስላልበቃ በማግስቱ ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች ተደግሟል። አንዳንድ ወላጆች ሠርጉ አለመታየቱን ቅር ተሰኝተውበታል፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው፣ የሠርጉ ዘፈን ተዘጋጅቶ በጊዜ እጥረት የተቀነሰ ነበርና። የተውኔቱ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን ተሰጥቷል፤ አልባሳቱ በክበቡ ቁም ሣጥን ይገኛሉ። የ12ኛ ክፍል አባላት ኃላፊነታቸውን ለተመረጡት አዲስ ሊቀመንበርና ጸሐፊ አስረክበዋል፤ አዲሶቹ ተመራጮችም የመስከረምን ስብሰባ ሳይጠብቁ የሚቀጥለው ተውኔት ስለ ውቢት እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። በክረምቱ ስለ እርሷ የተጻፈ ነገር የሚያገኝ ወይም ከሽማግሌ የሰማውን የሚመዘግብ ተማሪ፣ የክበቡ አባል ባይሆንም፣ ለጸሐፊዋ እንዲያስረክብ እንጠይቃለን።