የሕግ ክበብ፦ ዕጣ እንዳይሆን የታገልንለት ውድድር

ክበባችን በዓመቱ መጨረሻ የድርሰት ውድድር ለማዘጋጀት ሲነሣ፣ ተማሪዎቹን "በመጀመሪያ ደንቡን ጻፉ" አልኳቸው። ዓመቱን የበላው ደንቡ ነው፤ ቅሬታ ግን የለኝም።

መነሻችን በብዙ አገሮች ሕግ የተለመደው መመዘኛ ነበር፦ ሽልማት፣ ዕድልና ክፍያ። ሦስቱ ከተገናኙ ነገሩ ሎተሪ ነው፤ ሎተሪ ደግሞ በአብዛኛው ያለ መንግሥት ፈቃድ አይካሄድም። ስለዚህ አዘጋጆች ከሦስቱ አንዱን ይነቅላሉ። በአሜሪካ ማስታወቂያዎች ላይ "ለመሳተፍ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም" የሚባለው ክፍያን ለመንቀል ነው። ዕድልን የነቀለ ደግሞ የክህሎት ውድድር ይኖረዋል። ተማሪዎቹን ያሳቃቸው የካናዳው ዘዴ ነው፦ ዕጣ የወጣለት ሰው ሽልማቱን ከመረከቡ በፊት የሒሳብ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ በዚህም አሸናፊነቱ የዕድል ብቻ መሆኑ ይቀራል። እኔ ከክህሎት ይልቅ ብልጠት ይመስለኛል።

ጭንቁ ድንበሩ ላይ ነው። በብርጭቆ ውስጥ ያሉትን ጠጠሮች ብዛት መገመት ክህሎት ነው ወይስ ዕድል? አንዱ ወገን የብርጭቆውን ስፋት ለክቶ ማስላት ይቻላል አለ፤ ሌላው "ማን ለክቶ ያውቃል?" አለ። ሳንስማማ ተለያየን። ሕጎችም ቢሆኑ አንድ አይደሉም፦ ከአሜሪካ ግዛቶች ብዙዎቹ የሚያመዝነው የትኛው እንደሆነ ይመዝናሉ፤ ጠበቅ የሚያደርጉም አሉ። የብሪታንያ የ2005 (እ.ኤ.አ.) የቁማር ሕግ ደግሞ የሚጠየቀው ክህሎት በርከት ያሉ ሰዎችን ከመሳተፍ ወይም ከማሸነፍ የሚያግድ መሆኑን ያያል። መልሱ ሁሉም የሚያውቀው ጥያቄ እዚያ አያድንም።

ወደ ራሳችን ረቂቅ ስንመለስ፣ "እኩል ነጥብ ያመጡ ተወዳዳሪዎች በዕጣ ይለያሉ" የሚል አንቀጽ ነበረበት። ሁላችንም አንብበነው ልናልፍ ስንል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ታዲያ አሸናፊውን የመረጠው ድርሰቱ ነው ወይስ የዕጣው ወረቀት?" ክፍሉ ዝም አለ። በበሩ ያስወጣነው ዕድል በመስኮት ገብቶ ነበር። አንቀጹ ተሰርዞ፣ "በሐሳብ አደረጃጀት ብልጫ ያለው ያሸንፋል፤ አሁንም እኩል ከሆኑ ሁለቱንም ከዚያ በፊት ያላነበበ ሌላ ዳኛ አንብቦ ይወስናል" ተባለ። መስፈርቶቹና ነጥባቸው ከምዝገባ በፊት እንዲለጠፉ፣ ዳኞችም ስም ሳይሆን የመለያ ቁጥር ብቻ እንዲያዩ የተወሰነው በዚያው ስብሰባ ነው።

ከሁሉም ያከራከረን "አዘጋጁ ደንቡን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል" የሚለው ነው። ለዚህ የ1892ቱን (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ፍርድ አነበብን። አንድ ኩባንያ መድኃኒቱን እንደታዘዘው ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እከፍላለሁ ብሎ በጋዜጣ አወጀ፤ ለማረጋገጫም 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን ጻፈ። ወይዘሮ ካርሊል ተጠቅማ ታመመች። ኩባንያው "ማስታወቂያ እንጂ ውል አይደለም" ብሎ ቢከራከርም ተረታ፤ ያወጀው ቃል አሰረው። የፊሊፒንሱ ታሪክ ግን አፍ ያስይዛል። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ፔፕሲ በቆርኪ ውስጥ በታተሙ ቁጥሮች ሽልማት ሲሰጥ፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ፔሶ የሚያሸልም ሆኖ የወጣው 349 በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ተገኘ። ረብሻ ተነሣ፣ ሰው ሞተ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ። ተማሪዎቹ በፍርዱ አልተስማሙም፤ በረቂቁ ላይ ግን ተስማሙ፦ ምዝገባ ከተከፈተ በኋላ ደንቡ አይነካም።

ውድድሩ ያለ መመዝገቢያ ክፍያ ተካሄደ። ዘግይቶ የመጣ አንድ ጥሩ ድርሰት ተመልሷል፤ እኔ ብሆን ልቤ ይራራ ነበር፣ ኮሚቴው ግን አንቀጹን ጠቅሶ አሳፈረኝ። የአሸናፊዋ ፎቶ የወጣውም ወላጆቿ ከፈረሙ በኋላ ነው።

የሳይንስ ክበብ ደንባችንን ለፈጠራ ውድድሩ ሊወስድ ጠይቋል። የቀረበው ሥራ የማን ንብረት ሆኖ እንደሚቀር የሚገልጽ አንቀጽ ስለሌለው፣ እሱን ሳንጽፍ አንሰጥም ብለናል።