ስለ ሐዋርያት ሥራ 8፥37፦ ለዝግጅት ክፍሉ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በአስተያየት ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ «መጽሐፍ ቅዱስ በእጅ ሲገለበጥ ኖሮ ዋናው ጠፍቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የምናነበው የሐዋርያት ቃል መሆኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም» ይላል። ማስረጃው የሐዋርያት ሥራ 8፥37 ነው፤ ቁጥሩ በአንዳንድ እትሞች አለ፣ በሌሎች ደግሞ ከ36 በቀጥታ ወደ 38 ይታለፋል። ምሳሌው ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን ምሳሌው ከሚያሳየው ጋር ይቃረናል።

ቦታውን አንባቢ ያውቀዋል። የህንደኬ ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው ባለሥልጣን ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ያነበበውን ያስረዳዋል። ውኃ ዘንድ ሲደርሱ ጃንደረባው «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በቁጥር 37 ፊልጶስ በፍጹም ልቡ ካመነ እንደሚፈቀድለት ይነግረዋል፤ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ አምናለሁ ይላል።

ይህ ምልልስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓፒረስ በተጻፈውና ፒ45 በሚባለው ቅጂ የለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት የሲናና የቫቲካን ጥራዞችም፣ በ5ኛው የተጻፈው የእስክንድርያ ጥራዝም የላቸውም። በሌላ በኩል የሊዮን ጳጳስ የነበረው ኢሬኔዎስ በ180 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ደብዳቤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ጠቅሶታል፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክና በላቲን ጎን ለጎን የተጻፈ አንድ ጥራዝም ይዞታል። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1516 ያሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ውስጥ ቁጥሩን ያስገባው ከአንድ ቅጂ ኅዳግ ላይ አግኝቶ ነው፤ በዚያ መንገድ ወደ ብዙ ትርጉሞች ገባ።

ታዲያ የትኛው ይቀድማል? ቅጂ ቆጥሮ በብልጫ መወሰን አያዋጣም፤ አንድ የተሳሳተ ቅጂ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ ያው አንድ ምስክር ነው። መርማሪዎች መጀመሪያ ምስክሮቹን ሁሉ ይሰበስባሉ፤ የግሪክ ቅጂዎችን፣ የሱርስት፣ የላቲን፣ የቅብጥና የግእዝ ትርጉሞችን፣ የጥንት አባቶችንም ጥቅሶች። ቀጥሎ ዝምድናቸውን ይለያሉ፤ አንድ ዓይነት ስህተት የሚጋሩ ቅጂዎች ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። በመጨረሻም «ለሌላው መነሻ ሊሆን የሚችለው የትኛው ንባብ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ መልሱ ብዙ አያስቸግርም። ጃንደረባው ጠይቆ መልስ ሳይሰጠው ሠረገላው ሲቆም አንባቢው መልስ ይሻል። በጥምቀት ጊዜ የሚባለውን የእምነት ቃል አንድ ሰው በኅዳግ ይጽፈዋል፤ ቀጣዩ ጸሐፊ የተዘለለ መስሎት ወደ ንባቡ ያስገባዋል። ቃሉ ከመጀመሪያው ኖሮ ቢሆን ግን አንድ ክርስቲያን ጸሐፊ ይህን የመሰለ ኑዛዜ የሚፍቅበት ምክንያት አይገኝም።

ቁጥሩ ወጣም ገባም የተነካ ትምህርት የለም፤ በዚያው መጽሐፍ 9፥20 ላይ ጳውሎስ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን በምኵራቦች ሲሰብክ እናነባለን። ከዚህ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጭማሪው መታወቁ ነው። መጽሐፉ በአንድ እጅ ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላወቀ። የታወቀው ምስክሮቹ ብዙና እርስ በርስ ነጻ ስለሆኑ ነው። የአዲስ ኪዳን የግሪክ ቅጂዎች ብቻ፣ ሙሉውንም ቁርጥራጩንም ጨምሮ፣ ከ5,000 በላይ ናቸው።

«ልዩነቶቹ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ» የሚለውም እውነት ነው፤ ቅጂ በበዛ ቁጥር የሚቆጠረው ልዩነትም ይበዛልና። አብዛኛዎቹ ግን የፊደል አጻጻፍና የቃላት ቅደም ተከተል ናቸው። ግእዝ የሚያነብ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በብራና መጻሕፍት ሲለዋወጡ ያያልና። ከዚያ የሚከብደው የዓይን መዝለል ነው፤ ሁለት ሐረጎች በአንድ ቃል ሲያልቁ ጸሐፊው ዓይኑን ከአንዱ አንሥቶ በሌላው ላይ ያሳርፋል፣ መካከሉ ይቀራል። አንዱን ወንጌል በሚያውቁት በሌላው ወንጌል ቃል ማስተካከልም አለ። ትምህርት ላይ ጥያቄ የሚያስነሡት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥሩ እትሞችም በግርጌ ማስታወሻ ያሳዩአቸዋል። በኋላ ስለ መጨመራቸው ጥያቄ የሚነሣባቸው የማርቆስ 16፥9-20፣ የዮሐንስ 7፥53-8፥11 እና የ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ጉዳይ በግልጽ የሚነገር እንጂ የተደበቀ አይደለም። አገልጋዮች ይህን ለምእመናን ቀድመው ቢያስተምሩ ወጣቶቻችን ከማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰሙት ባልደነገጡ ነበር፤ ይህ የእኛ የአስተማሪዎች ዕዳ ነው።

ጃንደረባው ይዞት ወደነበረው ኢሳይያስ ልመለስ። በ1947 (እንደ ፈረንጆች) በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ጥቅሎች አንዱ ሙሉው ኢሳይያስ ነው፤ 17 ቁራጭ ቆዳ ተሰፍቶ 7.34 ሜትር ርዝመት አለው፣ ጽሑፉም በ54 ዓምዶች ተከፍሏል። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። ጥቅሉ ከመገኘቱ በፊት ሙሉ ሆኖ የሚታወቀው እጅግ ጥንታዊ የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን በ1008 ዓ.ም. የተጻፈው የሌኒንግራድ ጥራዝ ነበር። ከ1,100 ዓመት በላይ የሚራራቁት ሁለቱ ሲነጻጸሩ አብዛኛው ልዩነት የፊደል አጻጻፍ ነው፤ መጽሐፉ ያው ኢሳይያስ ነው። ትርጉም ያለው ልዩነትም አለ፤ ለምሳሌ በ53፥11 ጥቅሉ «ብርሃን ያያል» ይላል፤ የጥንቱ የግሪክ ትርጉምም ብርሃንን ይጠቅሳል፣ የኋላው የዕብራይስጥ ንባብ ግን ያን ቃል የለውም።

በምዕራፍ 40 ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። «ሣሩ ይደርቃል አበባውም ይረግፋል» የሚለው በቁጥር 7ም በቁጥር 8ም አለ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ በሁለቱ መካከል ያለውን አልጻፈም፤ ብዙዎች እንደሚረዱት ዓይኑ ዘሎበት ነው። ሌላ እጅ የቀረውን በመስመሮቹ መካከል ጀምሮ ወደ ታች በኅዳጉ ላይ አሟልቶታል፤ የእግዚአብሔርን ስም የሚጽፍበት ቦታ ሲደርስም ከአክብሮት የተነሣ በስሙ ፈንታ አራት ነጥቦችን አኑሯል። ስህተቱም እርማቱም ዛሬ በአንድ ቆዳ ላይ ይታያሉ።

መጽሐፉ በአንድ ማዕከል ሆን ተብሎ ተቀይሯል ለሚለው ሐሳብም ታሪኩ ቦታ አይሰጥም። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ዓ.ም. ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ሲያዝ ቅጂዎቹ ከሶርያ እስከ ሰሜን አፍሪካ ተበትነው ነበር። በአድዋ አቅራቢያ የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ የእስክንድርያ ጸሐፊ የሚፍቀውን በአክሱም ያለ ጥራዝ ሊሽረው ይችላል ማለት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ሉቃስ የሰጠው ዝርዝርም ተፈትኗል። ህንደኬ በአሁኗ ሱዳን የነበረችው የሜሮኤ ንግሥቶች ማዕረግ መሆኑን የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒም ሆነ የአካባቢው ጽሑፎች ይደግፋሉ። በ18፥12 የተጠቀሰው የአካይያ አገረ ገዥ ጋልዮስ በዴልፊ በተገኘ የቀላውዴዎስ ቄሣር የድንጋይ ጽሑፍ ላይ በስሙ ይገኛል፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የቆየበት ዘመን የሚሰላውም በእርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የመጽሐፉን በታማኝነት መተላለፍ ያስረዳል እንጂ የእግዚአብሔር እስትንፋስ መሆኑን በብራና ምርመራ አያረጋግጥም። ያንን የምናምነው በሌላ መሠረት ነው። ክርስቶስ ራሱ «መጽሐፉ ሊሻር አይቻልም» ብሎ ተከራክሮበታል (ዮሐንስ 10፥35)፤ ክርስቶስን ያመነ ሰው ክርስቶስ ያመነውን መጽሐፍ መናቅ አይችልም። እንደገናም ጃንደረባው ያነበበው እንደ በግ ወደ መታረድ ስለ ተነዳው የሚናገረው ምዕራፍ 53 ከክርስቶስ መወለድ በፊት በተጻፈው ጥቅል ውስጥ አለ፤ ክርስቲያኖች በኋላ ፈጥረው ጨመሩት ማለት አይቻልም። ስለ ማን እንደ ተነገረ ተከራካሪ ይኖራል፤ ፊልጶስ ግን ከዚያው ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከ።

አንባቢ የእኔንም የጽሑፉን አቅራቢም ቃል ብቻ ይዞ እንዳይቀር፣ የሲና ጥራዝ ገጾችም የኢሳይያስ ጥቅልም በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። ቤት ያለውን መጽሐፍ ቅዱስም ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ከፍቶ ቁጥር 37 በንባቡ ውስጥ፣ በቅንፍ ወይስ በግርጌ እንዳለ ይመልከት፤ ከዚያ የእትሙን መቅድም ቢያነብ ተርጓሚዎቹ የትኛውን የግሪክ ንባብ እንደተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር፣ አዲስ አበባ