ጉዳዩ፦ ስለ ቦርሳ ፍተሻውና ለጥናት ተብሎ ስለሚቃመው ጫት

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ካርድ ሐሙስ ይሰጣል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሌላ ነው።

ፍተሻ ከጀመርን ወዲህ «ልጄን እንደ ሌባ ለምን ትፈትሻላችሁ?» እየተባልን ነው። ማንንም ሌባ አላልንም። የተገኘው ግን ከፊዚክስ መጽሐፍ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ጫት ነው። ከአንድ ቦርሳ ደግሞ ትራማዶል ወጥቷል። ለከባድ ሕመም በሐኪም የሚታዘዝ፣ ከሞርፊን ወገን የሆነ፣ ሲበዛ ትንፋሽ የሚያዳክም ክኒን ነው። እባካችሁ ቤት ያለውን መድኃኒት ቆልፉበት።

«ጫቱ ለጥናት ነው፣ ያነቃዋል» ትሉን ይሆናል። አዎ፣ ያነቃል። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን አለ፤ አሠራሩ የአምፌታሚን ዓይነት ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ከልክ በላይ ያስለቅቃል። ዶፓሚን ደግሞ አንጎልን «ይህን ድገመው» ብሎ የሚያስተምር ነው። ሲደጋገም አንጎል ይለምደዋል፤ ምላሹም ይቀዘቅዛል። ያኔ ልጁ ያለ ጫት መጽሐፍ መግለጥ ያስጠላዋል። ሀራራ የሚመጣው እንዲህ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት አለ፤ እንቅልፍም የለም። የተጠናው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ግን ሲተኛ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ጠዋት ጥያቄው ላይ ሲፈዝ ስንቴ አይተናል።

«እኛም ቅመን አድገናል፣ ምን ሆንን?» የሚልም አይጠፋም። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይሆንም፤ ከወላጅ በሚወረስ ተፈጥሮም ይለያያል። የማን ልጅ እንደሚያዝ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ራስን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ በእድገት ላይ ነው። ስለዚህ «ባህል ነው፣ ሕግም አይከለክልም» የሚለው ክርክር ለትልልቅ ሰዎች ይሁን። የትምህርት ቤታችን ደንብ ይከለክላል፤ ስታስመዘግቡ ፈርማችሁበታል።

«አባሩልን» ለምትሉም መልስ አለን። በዚህ የተያዘ ተማሪ አይባረርም። ሱስ የጠባይ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጣ ይበቃው ነበር። ወላጅ ይጠራል፣ ልጁ ከአማካሪያችን ጋር ይቀመጣል፤ ካስፈለገም ወደ አእምሮ ሐኪም ይላካል።

ባለፈው በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ስንጠራ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ፍተሻው በተጀመረ ማግስት ግን ቢሮአችን በወላጅ ሞልቶ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እንጠብቃችኋለን። ልጃችሁ «የማይነካ» ቢሆንም ኑ። ፍተሻው ሰኞም ይቀጥላል።

ከሠላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር