የኦሲዲ ታማሚ በሕክምናው ጊዜ ራሱን እንዲሰድብ አይመከር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አእምሮ ጤና ባወጣችሁት ጽሑፍ ኦሲዲ የተባለውን፣ በአስጨናቂ ሐሳብና በተደጋጋሚ ድርጊት የሚገለጽ የአእምሮ ሕመም ማንሳታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ታማሚው ፍርሃቱን «በራሱ ላይ ጨክኖ» እንዲጋፈጥ የሚመክረውን ክፍል፣ ከሕመሙ ጋር ለዓመታት የኖርኩ የደሴ ነዋሪ እንደመሆኔ፣ ሳልቃወመው ማለፍ አልቻልኩም።

ሕመሙን የማያውቅ ሰው ንጽሕና መውደድ ይመስለዋል። ታማሚው ግን የማይፈልገው ሐሳብ ወይም ጥርጣሬ እየተመላለሰ ሲያስጨንቀው፣ ጭንቀቱን ለማብረድ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል፣ የቆለፈውን በር ተመልሶ ይፈትሻል ወይም በልቡ ይቆጥራል፤ ጭንቀቱ ለጊዜው ስለሚበርድለትም አእምሮው «ያዳነኝ መታጠቤ ነው» ብሎ ይለምድና በሚቀጥለው ጊዜ አብዝቶ ይጠይቀዋል። እኔን የያዘኝ ከሶላት በፊት በሚደረገው መታጠብ፣ በውዱእ፣ ነበር። እግሬን አጥቤ ስጨርስ ተረከዜ ሳይረጥብ የቀረ እየመሰለኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ የቤተሰቡን ጀሪካን መጨረስ ማለት ነው። (የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው በሱብሒ (በንጋት ሶላት) ሰዓት እግርን ደጋግሞ መታጠብ ለደስታ የሚደረግ እንዳልሆነ አይጠፋውም።) እርግጠኛ የሆኑበት ነገር በጥርጣሬ እንደማይሻር ከልጅነቴ ተምሬአለሁ፤ ሸኾቻችንም ወስዋስን፣ ማለትም ውስጥን የሚጎተጉት ጥርጣሬ፣ አትከተል ይላሉ። ዕውቀቱ ስላልጎደለኝ ምክር ብቻ ሊያድነኝ አልቻለም፤ ጥርጣሬውን እንደያዝኩ ወደ ሶላት መሄድን መለማመድ ነበረብኝ።

የመጋፈጥ ሕክምናው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ቪክቶር ማየር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በለንደን ሁለት ታማሚዎች የሚፈሩትን እንዲጋፈጡ፣ ማቃለያ ያደረጉትን ድርጊት ግን እንዳይፈጽሙ በመርዳት ያገኘውን ውጤት በ1966 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ ዘዴው እየዳበረ መጥቶ፣ ዛሬ ለዚህ ሕመም በብዙ ጥናት ከተመሰከረላቸው ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል። የሚጀመረውም ታማሚው ከባለሙያው ጋር ከተስማማበት ቀላል ፍርሃት ነው፤ እየቆየ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

አስቸጋሪው ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቤ ጥርጣሬው ገና ሲጮህብኝ ያለው ነው። ያን ጊዜ «አንተ ደካማ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንዴት ያቅትሃል?» የሚል ድምፅ ከውስጤ ይነሣል፤ ዘመድም «ወንድ ልጅ አይደለህ?» ሲል ያግዘዋል። ስድቡ ፍርሃቱን ሲቀንስልኝ አላየሁም። በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል፤ ከሁለቱም ለማምለጥ የቀረበው መንገድ ደግሞ ያው ቧንቧው ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲን ኔፍ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥራ ለራስ መራራትን በሦስት ነገሮች ገልጻዋለች፤ እነርሱም ለራስ ደግ መሆን፣ መከራው የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማሰብ፣ የሚሰማንንም ሳያጋንኑና ሳይሸሹ ማስተዋል ናቸው። ከሦስቱ አንዱም «ተመልሰህ ታጠብ» አይልም። ለራሴ ስራራ ልምምዱን አላቋርጥም፤ እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን ከሰጋጃው ላይ እቆያለሁ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለራስ የሚነገር ደግ ቃል፣ ጭንቀቱ እስኪጠፋ ድረስ ከተደጋገመ፣ ራሱ አዲስ ማቃለያ ይሆናል። በእኛ በወሎ ለተጨነቀ ሰው «አብሽር» ማለት የተለመደ ነው፤ ባለቤቴ «አብሽር፣ እግርህ በደንብ ታጥቧል፣ አይቼዋለሁ» ስትለኝ ለጊዜው ባርፍም ሕመሙን መመገቧ ነበር፤ በማግስቱ ያንኑ ማረጋገጫ እጠይቃታለሁና። ሕክምናውን ከተረዳች በኋላ የምትለኝ «አብሽር፣ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሶላትህን ስገድ» ነው። ስለ እግሬ አንዳች አትናገርም። በዚህ መልስ መጀመሪያ ላይ ተቆጥቼ እንደነበር አልደብቅም።

ስለዚህ ጉዳዩን ዳግም ስታነሡ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ታማሚው «ንጹሕ ነኝ ወይ?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር ቤተሰቡ ማረጋገጫ ሳይሰጥና ሳይቆጣ ምን ብሎ ሊመልስ እንደሚገባ በዝርዝር እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ ከደሴ