የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አራተኛው መስመር

ክበቡ ዘንድሮ የመረጠው ርዕስ «ስማቸው ያልገነነ አሜሪካውያን» ነው። ሥራው የተሠራው በካርድ ነው። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ይቆረጥና በእያንዳንዱ ላይ አራት መስመር ይጻፋል፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ መቼ፤ በመጨረሻም ነገሩን መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነና ከድርጊቱ ስንት ጊዜ በኋላ እንደጻፈው። ሦስቱን መስመሮች ለመሙላት ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ካርድ የሚወድቀው በአራተኛው ነው።

መጀመሪያ የወደቀችው ሲቢል ሉዲንግተን ናት። በ1777 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ሌሊት፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ 64 ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ጋልባ የአባቷን ሚሊሻ በእንግሊዝ ጦር ላይ ቀሰቀሰች ይባላል። በኒው ዮርክ ግዛት ሐውልት ቆሞላታል፤ በ1975 ቴምብር ታትሞላታል። ታሪኩ በመጽሐፍ የወጣው ግን በ1880 ነው፤ 103 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለውም። ካርዷ አልተጣለም፤ «ይባላል» የሚል ርዕስ ወዳለው ሰሌዳ ተዛወረ። ይህ ሰሌዳ ከዋናው ይልቅ ተመልካች ሳበ፤ የሚገርም አይደለም።

የሮበርት ስሞልስ ካርድ በተቃራኒው ነው። በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሜይ 13 ቀን 1862፣ በባርነት የሚሠራው ይህ የመርከብ ነጂ ካፒቴኑ የብስ ላይ አድሮ ሳለ «ፕላንተር» የተባለችውን የእንፋሎት መርከብ ከቻርለስተን ወደብ አውጥቶ ለሰሜኑ ጦር አስረከበ። የባሕር ኃይሉ አዛዥ ዱ ፖንት በማግስቱ ሪፖርት ጽፏል፦ መርከቧ የተነሣችው ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ የተሳፈሩት 8 ወንዶች፣ 5 ሴቶችና 3 ልጆች፣ ምሽጎቹን ያለፉት እንደተለመደው የእንፋሎት ፊሽካ እየነፉ ነው። የመጨረሻውን መድፍ ሲያልፉ የደቡቡን ባንዲራ አውርደው ነጭ ሰቀሉ። ምልክቱ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ፊሽካ መሆኑ፣ ስሞልስም የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ማድረጉ የተገኘው ከሌሎች ምንጮች ስለሆነ በካርዱ ላይ በእርሳስ ተጻፈ፤ ከሪፖርቱ የተወሰደው በእስክሪብቶ። ስሞልስ በኋላ አምስት ጊዜ ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመርጧል።

ይኸው ታሪክ በሚኒ ሚዲያ ሲቀርብ ስህተት ተፈጠረ። እንግሊዝኛው ምንጭ ላይ 4 የሚለው እንዳለ ተወስዶ «4 ሰዓት ላይ» ተብሎ ተነበበ። በእኛ ሰዓት 4 ሰዓት ሲባል ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ወጥቶ ዘበኞቹ የነጂውን ፊት በሚያዩበት ጊዜ ባርኔጣው ምን ይሸፍናል? ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ካርድ ላይ ሰዓት ሲጻፍ «ሌሊት» ወይም «ጠዋት» የሚለው ግዴታ ሆነ።

ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ በምንጠቀምበት የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ ሜይ 13 ግንቦት 5 ነው። በ1862 ግን ግንቦት 6 ነበር፤ ዓመቱም 1854 ዓ.ም.። ምክንያቱ ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን መዝለላቸው ነው፤ እኛ ጳጉሜን 6ን በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ እንቆጥራለን። ስለዚህ ከማርች 1800 እስከ ፌብሩዋሪ 1900 ላለ ቀን ሠንጠረዡ በሰጠው ላይ አንድ ይጨመራል፤ ለ1777 ሁለት፤ በ1800ም ዘለዋልና። ከ1900 ወዲህ ላለው ሠንጠረዡ ልክ ነው።

በዚህ ስሌት ላይ እያለን ነው የክሎዴት ኮልቪን ቀን የወጣው። የ15 ዓመቷ ተማሪ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ውስጥ ወንበሯን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ የታሰረችው ማርች 2 ቀን 1955 ነው። ሲቀየር የካቲት 23 ቀን 1947 ዓ.ም.፤ የዓድዋ ቀን። ዘንድሮ የካቲት 23 እሑድ ስለዋለ ኤግዚቢሽኑ ዓርብ የካቲት 21 ተከፈተ፤ የእሷም ካርድ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ምክንያት የታሰረችው ዝነኛዋ ሮዛ ፓርክስ ከመያዟ ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው የኮልቪን ክስ ለምን ሕጉን እንዳልጣለ ነው። በይግባኝ ዳኛው የዘር መለያየት ሕግ ጥሳለች የሚለውን ክስ ሰርዞ ፖሊስ መታች የሚለውን ብቻ አስቀረ፤ ስለዚህ በዚያ መዝገብ ሕጉን መሞገት አልተቻለም። ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ በፌብሩዋሪ 1956 እሷን ጨምሮ በሴቶች ስም ሌላ መዝገብ ከፈተ፤ በኖቬምበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የጣለውን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ አጸና። 381 ቀን የፈጀው የአውቶቡስ አድማ ያበቃው በዚህ መዝገብ ነው።

ለኤግዚቢሽኑ ብዙ ጉልበት የወሰደው የሄንሪ ብራውን ሣጥን ነው። ብራውን በማርች 1849 በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ ዕቃ ተብሎ፣ ከሪችመንድ ፊላደልፊያ ተልኮ ነፃ ወጣ፤ ጉዞው 27 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሣጥኑ ርዝመቱ 3 ጫማ፣ ወርዱ 2 ጫማ፣ ጥልቀቱ 2 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የመጀመሪያው ልኬት ተበላሸ፦ 2 ጫማ ከ8 ኢንች «2.8 ጫማ» ተብሎ ተባዝቶ 85 ሴንቲ ሜትር ወጣ። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ ትክክሉ 81 ነው። ሌሎቹ 91 እና 61። ስድስቱ ጎኖች በአንድ ድርብ 3.6 ካሬ ሜትር ካርቶን ይፈልጋሉ፤ ለማዕዘን መደራረቢያ 4 ተኩል ማዘጋጀት ነው። አንድ ድርብ ካርቶን ይጎብጣል። ካርቶኑ እጥፍ ሆኖ ሁለት ድርብ ተደርጎ፣ የአንዱ መስመር በቁም የሌላው በአግድም ሆኖ በኮላ ሲጣበቅ ይቆማል፤ ኮላው ሳይደርቅ ማዕዘኑን ማጠፍ ግን ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል። አንዱ ጎን ክፍት ቀርቷል፤ ማንም ተማሪ ተዘግቶበት እንዳይገባ። ገብቶ ለመቀመጥ ጉልበትን ከአገጭ ማገናኘት ግድ ነው፤ ብራውን ከዚህም ብሶ «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለው ጽሑፍ ችላ ተብሎ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቋል። ታሪኩ ቶሎ መነገሩን ራሱም ከባርነት ያመለጠው ጸሐፊ ፍሬድሪክ ዳግላስ ወቅሷል፤ ሌሎች በዚያው መንገድ እንዳያመልጡ በሩን ዘጋው ብሎ። የረዳው ጫማ ሠሪ ሳሙኤል ስሚዝም ሌሎችን ሊልክ ሲሞክር ተይዞ ታስሯል።

ጆን ሮቢንሰንን ለእኛ ማስተዋወቅ ባያስፈልግ ደስ ባለ ነበር። በሚሲሲፒ ያደገ፣ በቺካጎ የተማረ አብራሪ ነው፤ በ1935 መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አዘዘ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ ስትደበደብ እዚያው ነበር። በ1944 ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1954 ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። በካርዱ ላይ «የንጉሡን አውሮፕላን ከሰከሰ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያ በ1930 ከዘውድ በዓሉ በፊት የሆነ፣ የሌላ ሰው የሁበርት ጁሊያን ሥራ ነው። ሁለቱ አሁን ለየብቻ ካርድ አላቸው።

ፍራንክ ዊልስ አጭር ካርድ ነው። ጁን 17 ቀን 1972 ከሌሊቱ 7፡47 ገደማ፣ በዋሽንግተኑ የዋተርጌት ሕንፃ የ24 ዓመቱ ጥበቃ ቀደም ሲል የላጠው ፕላስተር የበር ቁልፍ ላይ ዳግመኛ ተለጥፎ አገኘና ፖሊስ ጠራ። የፕሬዝዳንቱን ተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ሰብረው የገቡ አምስት ሰዎች ተያዙ፤ ነገሩ በ1974 ፕሬዝዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን አወረደ። አራተኛው መስመር ላይ የተጻፈው፦ «ራሱ፣ በጥበቃ መዝገብ፣ በዚያው ሌሊት።»