መቶ ዶሮ እስኪሞላ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ከተማ ግብርና በየጊዜው የምታወጡትን ጽሑፍ አነባለሁ። ፎቶግራፎቹ ሁልጊዜ የበጋ ናቸው፤ ፀሐይ፣ ደረቅ ግቢ፣ በቅርጫት የሞላ እንቁላል። እኔ ይህን የምጽፈው በሐምሌ አጋማሽ፣ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ሆኜ፣ ቦት ጫማዬ በር ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ስለ ክረምቱም አንድ ሰው ይናገር ብዬ ነው።

31 ዓመት በሐዋሳና በአዲስ አበባ መካከል አውቶቡስ ነድቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ ከጓሮው ግማሹን ለጎመንና ለቆስጣ፣ ግማሹን ለዶሮ ደለደለች፤ እኔን ያማከረኝ የለም። አሁን 14 ዶሮዎች አሉን። በበጋ በቀን አሥር እንቁላል የማነሣበት ቤት ዛሬ ጠዋት አራት ሰጠኝ።

ሚኒሶታ ያለችው የእህቴ ልጅም ጓሮዋ ውስጥ ስድስት ዶሮ ታረባለች። እዚያ ክረምት የሚሉት የእኛን በጋ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስትደውል በረዶ እየዛቀች ወደ ዶሮዎቹ ቤት መንገድ ትከፍታለች፤ የሚጠጡት ውሃ ይረጋል፤ እንቁላል መጣልም ያቆማሉ። ምክንያቱ ቅዝቃዜው ብቻ አይደለም። በዚያ ወር የቀኑ ብርሃን ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል፤ ዶሮ ደኅና አድርጋ ለመጣል ግን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። ስለዚህ አምፖል ታበራላቸዋለች። «ጋሼ፣ አንተም አብራላቸው» አለችኝ፤ አበራሁ። የመብራት ሒሳቡ ጨመረ እንጂ እንቁላሉ አልጨመረም። በኋላ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም፤ ቀናችን ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ እንዲያውም የሰኔው ቀን ከታኅሣሡ ትንሽ ይረዝማል። በበጋ አሥር እንቁላል የሚጥሉትም ከዚህ ባልበለጠ ብርሃን ነው። የእኛ ክረምት ዶሮን የሚጎዳት በእርጥበቱ ነው።

ጉዝጓዙ ከረጠበ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከተቀበለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ ማደራቸውን አውቃለሁ። ሰጋቱራውን በየሁለት ቀኑ እገለብጣለሁ፣ የረጠበውን አውጥቼ በደረቅ እተካለሁ። በክረምት ደረቅ ሰጋቱራ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ግንቦት ላይ ስድስት ከረጢት ሞልቼ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ይህን እስካሁን አልተቀበለችውም። ዝናቡ አፈሩን ስላጨቀየው፣ እየተንከባለሉ ቅማላቸውን የሚያራግፉበት የምድጃ አመድ በሣጥን አድርጌላቸዋለሁ። ደም የቀላቀለ ኩስ ካየሁ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው ብዬ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት እሮጣለሁ፤ እሱስ መድኃኒት አለው።

አትክልቱን በአጭሩ ልለፈው። መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ካደረጉት ጎመንና ቆስጣ ዝናቡን ይወዱታል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን ችግኝ ያቃጥላልና ሦስት ወር ያህል ይብላላ። ቲማቲሙን ምች ይመታዋል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከመቂ ቲማቲም በሣጥን ስጭን የኖርኩት ሰው በክረምት አንዲት ፍሬ ማዳን አቅቶኝ ትቼዋለሁ።

ብዕር ያስነሣኝ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። አምና በሰኔ የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛሁ፤ 20 ነበሩ። ነጋዴው «ተከትበዋል» አለኝ፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ስላላመንኩት ክትባት ፍለጋ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት በትሕትና «ጋሼ፣ ብልቃጡ የሚከፈተው መቶ ዶሮ ሲሞላ ነው» አለኝ። ሐምሌ ላይ ጫጩቶቹ አንገታቸው ይጠመዘዝ፣ አረንጓዴ ያስቀምጣቸው ጀመር። በስምንት ቀን ውስጥ 17ቱን ቀበርኩ። ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

በወጣቱ ተናድጄ ነበር፤ ሲገባኝ ግን ሳቅሁ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሕያው ስለሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት። ለ20 ጫጩት ከፍቶ የቀረውን መድፋት ማንን ደስ ይለዋል? እኔስ 31 ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ሳይሞላ አልነሣም ስል የኖርኩ አይደለሁም?

ስለዚህ ዘንድሮ ግንቦት ላይ ረዳት ሆንኩ። በየበሩ እያንኳኳሁ ዶሮ ያለው ሰው ስፈልግ ሰነበትኩ። ፓስተሩ 22፣ ፀጉር አስተካካዩ 9፣ እንጀራ የምትሸጠው ጎረቤታችን 6፣ እንዲህ እያለ በ11 ቤት 97 ደረሰ። ሞልቷል አልኩ፤ ድሮም ሦስት ወንበር ጎድሎ ተነሥቼ አውቃለሁ። ክትባቱን ጠምቷቸው እንዲጠጡት ዶሮዎቹ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ተከለከሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል፤ በንጹሕ ባልዲ በቀጥታ ከሰማይ የተቀበልነውን የዝናብ ውሃ ተጠቀምን። ወጪው ሲካፈል ለአንዲት ዶሮ ከአንድ እንቁላል ዋጋ አልበለጠም። እስከ ዛሬ ከ11ዱ ቤት በፈንግል የሞተ የለም። አንዷን ሸለምጥማጥ ወስዷታል፤ ለእሱ ክትባት አልተሠራም።

አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህን የማደራጀት ሥራ ለምን አንድ ጡረተኛ ሹፌር ይሠራዋል? ውሻ የሚከተብበት ቀን በሰፈር እንደሚለጠፍ ሁሉ የዶሮም ይለጠፍ፤ አንዱ ግንቦት ላይ፣ ሌላው ከእንቁጣጣሽ በፊት። የነሐሴው እንዳይዘለል አደራ እላለሁ። በጾመ ፍልሰታ እንቁላል አይሸጥም ተብሎ ሰው ዶሮውን ይዘነጋል፤ ምንም እንኳ በእኛ ሰፈር የማይጾመው ብዙ ቢሆንም። ከዚያ ለበዓል ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከቤቶቹ ዶሮዎች ጋር ትቀላቀልና ፈንግሉን ይዛ ትገባለች።

የሚመለከታቸው ቢሮዎች እስኪያስቡበት እኛ ነሐሴ 10 ቀን ሁለተኛውን ዙር እናደርጋለን። እስካሁን የተመዘገቡት 88 ናቸው። በታቦር ሥር የምትኖሩ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ካላችሁ 12 ቦታ አለ፤ ባልዲ ይዛችሁ ኑ፤ የፕላስቲክ ይሁን፣ የብረት አይሆንም።

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር
ከሐዋሳ